ዳማከሴ ትኩሳት ያበርዳል፤ ወባን ግን አያድንም

በጅማ ዞን ደዶ ወረዳ ዳማከሴ ከብዙ ቤቶች ጓሮ አይጠፋም። ሰው ፀሐይ ላይ ውሎ ራሱን ሲያመው፣ ሲያተኩሰውና ከንፈሩ ሲቆስል «ምች መታው» ይባላል። ቅጠሉ በእጅ ታሽቶ ይሸተታል፤ ጭማቂው ገላ ይቀባል፤ በቡናም ይጠጣል።

ይህን ልማድ እንደ አላዋቂነት የሚቆጥሩ የሙያ ባልደረቦች አሉ። እኔ አልስማማም። ዳማከሴ የበሶብላ ዘመድ ነው። የሀገራችን ተመራማሪዎችም ከቅጠሉ የተዘጋጀ ውህድ በአይጦች ላይ ትኩሳት እንደሚያበርድ አሳይተዋል።

አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ትኩሳት የበሽታ ምልክት እንጂ ራሱ በሽታው አይደለም። ደዶ ደጋ ብቻ አይደለም፤ ወረዳው እስከ ጎጀብ ወንዝ ቆላ ድረስ ይወርዳል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ የወባ ወቅትና የቡና ለቀማ ይገጥማሉ። ቆላ ሰንብቶ የተመለሰ ሰው ሲያተኩሰው ቤተሰቡ ምች ነው ይላል። ዳማከሴ ጠጥቶ ላብ ሲያልበው ደግሞ የዳነ ይመስላል። የወባ ትኩሳት ግን ያለ መድኃኒትም ለጊዜው በርዶ ይመለሳል። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት በ24 ሰዓት ውስጥ ካልታከመ ወደ ከባድ ሕመም ሊሸጋገርና ሊገድል ይችላል።

ሌላው ችግር «ምች መርፌ አይወድም» የሚለው እምነት ነው። በዚህ ፍርሃት ከጤና ጣቢያ የሚቀር ሕመምተኛ ብዙ ነው። ለወባ ምርመራ የሚያስፈልገው ከጣት ጫፍ አንድ ጠብታ ደም ነው። ምርመራው በጤና ኬላም ይሠራል፤ በመንግሥት ጤና ተቋማት ሕክምናውም በነፃ ነው። ኮአርተም የሚባለው የወባ ኪኒንም ቢሆን መነሻው መዓዛማ ቅጠል ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ከዚያ ቅጠል መድኃኒቱን በማግኘቷ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። ልዩነቱ ተጣርቶ፣ ተመጥኖና ተፈትኖ መሰጠቱ ነው።

ስለዚህ ዳማከሴውን ይሽተቱ፤ ምርመራውን ግን ለነገ አያሳድሩ። ሕፃን ጡት እምቢ ካለ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ፣ ወይም ያተኮሳት ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ቅጠል ፍለጋ ወደ ጓሮ ሳይሄዱ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ።

እኛ ሐኪሞችም ቁጣውን ትተን «ዳማከሴ ጠጥተዋል? መቼ?» ብለን እንጠይቅ። የተቆጣናት እናት በሚቀጥለው ጊዜ ዳማከሴ መስጠቷን ትደብቀናለች፤ ወይም ጨርሶ ትቀራለች።