ቀበቶውን ስንጥል ልጁን አብረን እንዳንጥል

በሱዳን በረሃ አልፋችሁ ቶሮንቶ የገባችሁ አቻዎቼ ሆይ፣ ይህን የምላችሁ ልቤ ከብዶት ነው። በዳንፎርዝ ምግብ ቤቶች ተቀምጠን ስለ አገራችን ዕጣ እስከ ውድቅት ስንከራከር፣ እቤት ተኝቷል ያልነው ልጅ ከእጃችን እየወጣ ነውና።

እኛ ያደግነው አባት ሲገባ ጨዋታ በሚቋረጥበት ቤት ነው። በዚያ ጨዋነት የምትመኩ 1969 እና 1970 ዓ.ም.ን አስታውሱ፤ አንገቱን ደፍቶ ራቱን የበላ ልጅ ማታ ከየትኛው የኢሕአፓ ሕዋስ ጋር እንደሚሰበሰብ ስንቱ አባት ያወቀው፣ ቀይ ሽብር ሬሳውን ጎዳና ላይ ከጣለለት በኋላ ነበር? የገዳዮቹን ደም በአባቶቻችን ላይ አልጭንም፤ አምላክ ይጠብቀኝ። ግን በፍርሃት የታሰረ ልጅ ታዛዥ መሰለን እንጂ ራሱን መግዛት አልተማረም፤ ምክር በቸገረውም ቀን የአባቱን ደጅ አላንኳኳም።

እዚህ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ሕግ ጠበቀን። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ወላጅ ለማረም በመጠኑ እጁን ማንሳቱን ባይከለክልም፣ ቀበቶንና ዱላን፣ ራስ መምታትን፣ ከ2 ዓመት በታችና ከ12 በላይ ያሉትን መምታትን ከልክሏል። ከዚህ ሁሉ ብዙዎቻችን የሰማነው «ፖሊስ ይመጣል» የሚለውን ብቻ ስለሆነ፣ ከቁጣው ጋር ምክሩንም ተውነው፤ ሌሊት ታክሲ እየነዳን፣ ቀን እየተኛን፣ ልጁን ለስልኩ አስረከብነው።

ታዲያ ልጅ ራሱን መግዛት ከየት ይማራል? በካሜሩን የንሶ ገበሬዎችና በጀርመን ከተሜዎች የአራት ዓመት ልጆች ፊት ጣፋጭ አስቀምጠው፣ ለታገሠ ሁለተኛ እንደሚጨመርለት የነገሩ ተመራማሪዎች ነበሩ። የንሶዎቹ በብዛት ታገሡ። ንሶዎች ልጅን አዝዘው የሚያሳድጉ በመሆናቸው «ይኸው፣ መቆንጠጥ ነው መድኃኒቱ!» የሚሉ አይጠፉም፤ እኔ ግን እንዲያ አይታየኝም። የንሶ ልጅን የሚያዘው አብሮት የሚውል ሰው ይመስለኛል። እኛ ቁጣውን ከአገር ይዘን ስንመጣ፣ ልጁን አብረውን ያሳድጉ የነበሩትን አያትና ጎረቤት እዚያው ትተናቸዋል፤ የጎደለውን ዓይንና ጆሮ የሚሞላ ከእኛ በቀር ማን አለ?

ልጆቻችሁ ገና ከቤት አልወጡም። ከሳምንቱ አንዱን የሌሊት ፈረቃ ተዉት፤ ራት ላይ ልጁን ስለ ትምህርት ውጤቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ያን የሱዳን መንገድ፣ የፈራችሁበትን ሳትደብቁ፣ ንገሩት። ሲመልስላችሁ ነገሩ ባይጥማችሁም አስጨርሱት።