መሰናዶው ቦንጋ ላይ ይጀመር

በደርግ ዘመን ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት የተላከ ኢትዮጵያዊ በቀጥታ ሕክምና ወይም ምህንድስና አይገባም ነበር። አንድ ዓመት «ፖድፋክ» ይቀመጣል፤ ሩሲያኛውን ብቻ ሳይሆን ሒሳቡንና ፊዚክሱን በሩሲያኛ መስማት ይለማመዳል። ምሥራቅ ጀርመን የደረሰውም ላይፕዚግ ባለው ሄርደር ኢንስቲትዩት ብዙ ጊዜ ያልፍ ነበር። የዚያን ሥርዓት ሌላውን ጣጣ ለታሪክ ጸሐፊ እተዋለሁ። ተማሪ ሳይሰናዳ ክፍል እንደማይገባ ግን ገብቶት ነበር። ዛሬም የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ አንድ የቋንቋ ዓመት ያስቀድማል።

በእንግሊዝኛ ሊማር የሚሄደው ልጃችንስ በምን ይሰናዳል? በአይልትስ የእንግሊዝኛ ፈተና መለማመጃ፣ በቴሌግራም ቻናል፣ ሲከፋም «ኮንሰልታንሲ» የሚል ታፔላ በሰቀለ ደላላ። ፉልብራይትም ሆነ ቼቭኒንግ የሚባሉት ስኮላርሺፖች ለማመልከት ክፍያ አይጠይቁም፤ ይህን የሚነግረው በማጣቱ ብቻ ቡና የሸጠበትን ብር ለደላላ የሚያስረክብ ቤተሰብ አለ። ለኤምባሲ ቀጠሮ ደግሞ ከፋ ዞን ካለችው ከቦንጋ አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ግድም ነው።

መንገዱና ክፍያው ግን ትንሹ ችግር ነው። የከፋ ገጠር ልጅ አፉን በካፊኖኖ ይፈታል፣ አማርኛ ይጨምራል፣ ከፍ ወዳለ ክፍል ሲደርስ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። መምህሩም በዚያው መንገድ ያለፈ ነው። ስለዚህ ሁለቱም የሚያዋጣቸውን ይዘዋል፤ አንዱ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ሌላው ደብተሩ ላይ ይገለብጣል፣ ፈተናው ደግሞ ምርጫ ነው። በዚህ መልክ አስራ ሁለት ክፍል የጨረሰ ልጅ ውጭ ሲሄድ አንብብና የራስህን ሐሳብ ጻፍ፣ የወሰድከውን ከማን እንደወሰድክ ጥቀስ ይባላል። እዚህ ጉብዝና የነበረው ግልበጣ እዚያ ከዩኒቨርሲቲ ያስባርራል። የአይልትስ ውጤት ለዚህ መድኃኒት አይሆንም።

«በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው፤ ለውጭ ሂያጅ ማን ይጨነቃል?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ግን ጉዳዩን ለይቼ አላየውም። ሁለት ገጽ በራሱ ቃል መጻፍ የተማረ ልጅ ለንደን ባይሄድ እንኳ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ሲገባ ይጠቅመዋል።

ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ አራተኛው ትውልድ ከሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው፤ ገና ወጣት ነውና ሁሉን አይጠየቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ክፍል ከፍቶ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ማስጻፍ፣ ማመልከቻቸውን ማየት፣ ከደላላ ማስጠንቀቅ ግን አቅሙ ነው። የዞኑ ትምህርት መምሪያ ተማሪ ይላክለት።

እንግዶቹም አሉ። ከፋ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭነት ከተመዘገበ ወዲህ ጫካው ተመራማሪ ይስባል፤ ከዚያም በፊት ተመራማሪው ፈየራ ሰንበታ የቦንጋን ጨምሮ ጫካ ቡና የሚገኝባቸውን ደኖች አጥንቶ በ2006 እ.ኤ.አ. ጀርመን ቦን ላይ የዶክትሬት ጽሑፉን አቅርቧል። ከጫካው ዳር ያደጉት ልጆች የሚያውቁት አስጎብኚ ሆነው መቅረብን ነው። ተመራማሪው የድጋፍ ደብዳቤ ሊወስድ ሲመጣ፣ አንድ ቅዳሜ ተማሪዎቹ ዘንድ ተቀምጦ የምርምር ጥያቄ እንዴት እንደሚወጠን እንዲያሳያቸው ዩኒቨርሲቲው ይጠይቀው። እምቢ የሚል ብዙ አይመስለኝም።