የቤተሰብ መቃብርና የሰበካ ጉባኤ ሥልጣን

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የወላጆቹ መቃብር ለምን እንደ ፈረሰ ወይም ለምን ለሌላ አስከሬን እንደ ተሰጠ የሚጠይቅ ምእመን ከሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት የሚሰጠው የተለመደ መልስ መሬቱ የቤተ ክርስቲያን እንጂ የማንም ቤተሰብ አይደለም የሚል ነው። ይህ መልስ የክርክር ማብቂያ ተደርጎ መቅረቡ አሳፋሪ ነው፤ ቅሬታ አቅራቢዎቹ የመሬት ባለቤትነት ጠይቀው አያውቁምና። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004ም ለአምልኮ የሚሰጥ ቦታ በምደባ፣ ማለትም ያለ ጨረታ፣ እንዲሰጥ ያደርጋል እንጂ ለማንም የመሬት ባለቤትነት አያስተላልፍም። ባለቤት ያልሆነ ሁሉ መብት የለውም ከተባለ፣ ሙግቱ አስቀድሞ የሚያፈርሰው የተናጋሪውን የራሱን መቆሚያ ነው። ቤተሰቡ የያዘው ደብሩ ገንዘብ ተቀብሎ፣ ደረሰኝ ቆርጦና ማኅተም አሳርፎ የሰጠውን የማረፊያ መብት ነው፤ ይህ መብት በምን ይሻራል ለሚለው ጥያቄ ግን እስካሁን መልስ የሰጠ የለም።

ሰበካ ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዐዋዲ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያኒቱ የአስተዳደር ደንብ፣ የተቋቋመና ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚወከሉበት የአጥቢያ አስተዳደር ነው። አባላቱ በምርጫ ይለዋወጣሉ፤ መቃብሩ ግን ለልጅ ልጅ የሚሻገር ነው። አዲስ የተመረጠ ጉባኤ የቀድሞው የፈቀደውን አላውቅም፣ መዝገቡም የለም ብሎ ሲመልስ የሚክደው የሰዎችን ውል ሳይሆን የደብሩን ማኅተም ነው። በዚያው ደብር ከሣልስት እስከ ሰባት ዓመት ተዝካር ድረስ ቤተሰቡ ተጠርቶ ይመጣል፣ ጸሎቱ ይደረሳል፣ የሟቹ የክርስትና ስም ይነሣል፤ ለተዝካር የታወቀ ቤተሰብ ዐፅም በሚነሣበት ቀን የማይታወቅበት ምክንያት ሊኖር አይችልም።

የቦታ ጥበት መኖሩን ማንም አልካደም፤ በሲሚንቶ እየተደራረበ የሚሠራው፣ አፉም በእብነ በረድ ተዘግቶ የሟቹ ስምና ፎቶግራፍ የሚለጠፍበት ፉካ የተስፋፋው በዚሁ ጥበት ምክንያት ነው። ጥበቱ ግን ዐፅም እንዲነሣ ምክንያት ይሆን እንደሆነ እንጂ ቤተሰብ ሳይሰማ እንዲነሣ ፈቃድ አይሆንም። በደብሩ በር ላይ ወረቀት መለጠፍና ከቅዳሴ በኋላ በድምፅ ማጉያ መናገር በቂ ማስታወቂያ ነው ብሎ መከራከር የከተማዋን ሁኔታ እያወቁ ዐይንን መጨፈን ነው። ከመሀል ከተማ የቆዩ ሰፈሮች ተነሥቶ በጀሞና በጎፋ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው የወላጆቹ መቃብር በቀድሞው አጥቢያ ቀርቷል፣ የአባልነት መዋጮውን ግን የሚከፍለው በሚያስቀድስበት በአዲሱ አጥቢያ ነው፤ ስለዚህ በቀድሞው ዘንድ ውዝፍ ያለበት ሰው ሆኖ ይቆጠራል፣ ወረቀቱንም ሳያይ መቃብሩ ይነሣል። ይባስ ብሎ ሐዘንተኛው አስከሬን ይዞ በር ላይ በቆመበት ሰዓት የዓመታት ውዝፍ እንዲከፍል መጠየቁ ጭካኔ ነው፤ በዚያች ሰዓት የሚከራከር አንደበት ያለው ሐዘንተኛ የለምና።

በመንግሥት ሕግ እንኳ መቃብር እንዲህ አልተናቀም። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲለቀቅ ስለሚከፈል ካሳ በ1999 ዓ.ም. የወጣውና በ2012 ዓ.ም. በሌላ ደንብ የተተካው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 135 መቃብር ሲነሣ ሐውልቱን ለማንሣት፣ ምትክ ቦታ ለማዘጋጀት፣ ዐፅሙን ለማዛወርና ሃይማኖታዊና ባህላዊ ሥርዓቱን ለመፈጸም የሚያስፈልገው ወጪ እንዲታሰብ ደንግጎ ነበር። ለመንገድ ሥራ ሲባል መቃብር የሚያነሣ መንግሥት ይህን ያህል ግዴታ ተጥሎበት ከነበረ፣ ሙታንን በአደራ የተቀበለ ደብር ከዚያ ባነሰ ግዴታ ሊያመልጥ አይገባም። የአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት እያንዳንዱ ደብር የመቃብር መዝገብ እንዲይዝ፣ ዐፅም ከመነሣቱ በፊት ቤተሰቡን ፈልጎ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ ከተነሣም በኋላ የት እንዳረፈ በስምና በቀን እንዲያሳይ ሊያስገድድ ይገባል፤ ይህን የማይፈጽም ሰበካ ጉባኤም አንድም መቃብር እንዳይነካ ሊከለከል ይገባል።