የምስክር ወረቀቱና የዕዳው ሚዛን

በአሜሪካ የሕክምና ረዳትነት የምስክር ወረቀት በአንድ ዓመት ገደማ ይገኛል፤ ለእርሱ ሲባል የተገባው ዕዳ ግን ሠራተኛውን ለዓመታት ይከተለዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የሙያው መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 44,200 ዶላር ነበር። ይህ አኃዝ ነባሩንና ጀማሪውን አንድ ላይ የሚያይ በመሆኑ፣ ዕዳውን ገና መክፈል ለሚጀምረው ወጣት መለኪያ ሊሆን አይችልም።

በ2023 የወጣው የፌዴራል ደንብ ከመለኪያዎቹ አንዱን የዓመቱ የዕዳ ክፍያ ከገቢው 8 በመቶ እንዳያልፍ ሲል አኖረ። በ30,000 ዶላር ገቢ ሲሰላ በወር 200 ዶላር መሆኑ ነው። ሆኖም (ብዙዎች የሚዘናጉት እዚህ ላይ ነው) ዕዳው አነስተኛ በመሆኑ ብቻ ይህን ፈተና ያለፈ ትምህርት፣ ተመራቂውን ሁለተኛ ደረጃን ብቻ ከጨረሰው ጓደኛው የተሻለ ገቢ ላያስገኝለት ይችላል። ደንቡ ገቢን ከገቢ የሚያነጻጽር ሁለተኛ ፈተና መጨመሩ ተገቢ ነበር።

ስለሆነም ወጣቱ ከመፈረሙ በፊት ከዚያው ትምህርት ቤት የወጡት ምን እንደሚከፈላቸው፣ ሙያውም በሕዝብ ኮሌጅ በስንት እንደሚሰጥ አጥብቆ ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህንኑ ሙያ ያስተምር የነበረው ትርፍ አሳዳጁ ኮሪንቲያን ኮሌጆች በ2015 ተዘጋ። በ2022 መንግሥት የ560,000 ተበዳሪዎቹን 5.8 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ሲሰርዝ፣ ኪሳራው በግብር ከፋዩ ሕዝብ ጫንቃ ላይ አረፈ።