ጉልበት እንደ ሸቀጥ ሲላክ፦ የፊሊፒንስ ላብ አደሮች በባዕድ ምድር

አንድ ኋላ ቀር ኢኮኖሚ ወደ ውጭ የሚልከው ሸቀጥ ቡና ወይም ስኳር፣ እንጨት ወይም ማዕድን ሊሆን ይችላል። የፊሊፒንስ ገዥ መደብ ግን ከነዚህ ሁሉ ይበልጥ የማይነጥፍ ሆኖ ያገኘው የገዛ ሕዝቡን ጉልበት ነው። በ2024 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በውጭ የሚሠሩ ፊሊፒናውያን በባንክ በኩል ብቻ ወደ አገራቸው የላኩት ገንዘብ ከ34 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በዓለም የንግድ መርከቦች ላይ ከሚሠሩት ባሕርተኞች ከአራቱ አንዱ ገደማ ፊሊፒናዊ ነው።

ይህን ሁኔታ «ፊሊፒናዊ መሰደድ ይወዳል» በሚል ተራ አነጋገር መተርጎም ሐቁን መሸፋፈን ይሆናል። አሜሪካ በ1898 አገሪቱን ከስፔን እጅ ከተረከበች በኋላ፣ የሃዋይ የሸንኮራ አገዳ ከበርቴዎች በ1906 የመጀመሪያዎቹን 15 ፊሊፒናውያን ላብ አደሮች በመርከብ አስመጡ። በአገር ቤት ሰፋፊው መሬት በጥቂት ባለርስቶች እጅ ተይዞ ነበርና መሬት አልባው ገበሬ ከመሄድ ሌላ ምን ምርጫ ነበረው? የነዳጅ ዋጋ በ1973 አሻቅቦ የዓረብ አገሮች ሕንጻና መንገድ ለመገንባት የሰው ጉልበት ሲሹ፣ አገሪቱን በወታደራዊ አዋጅ ይገዛ የነበረው ማርኮስ በ1974 ባወጣው የሥራ ሕግ ሠራተኛን ወደ ውጭ መላክ የመንግሥት ተግባር አደረገው። ጊዜያዊ መፍትሔ ነው ተብሎ የተጀመረው አሠራር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም አልቆመም። እንዲያውም በ2021 መጨረሻ በወጣ ሕግ ራሱን የቻለ የስደተኛ ሠራተኞች ሚኒስቴር ተቋቋመለት።

ሥራ ፍለጋው የሚጀምረው በዕዳ ነው። ሥራ ፈላጊው ለአስቀጣሪው ድርጅት፣ ለሕክምና ምርመራና ለወረቀት የሚከፍለውን ከአራጣ አበዳሪ ይበደራል፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዙም የሚውለው ለዚሁ ዕዳ ነው። መንግሥት በ2006 ከቤት ሠራተኞች የቅጥር ክፍያ እንዳይወሰድና ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 400 ዶላር እንዲሆን ወስኖ ነበር። ይሁንና ክፍያው «የሥልጠና ወጪ» በሚል ስም ተመልሶ መጣ። ደላላ ስሙን እንጂ ግብሩን መቼ ይለውጣል!

ነገር ግን በዝባዡ ደላላው ብቻ አልነበረም። በ1982 መጨረሻ የማርኮስ መንግሥት አንድ ድንጋጌ አወጣ። በዚህ ድንጋጌ መሠረት ባሕርተኛ ከመነሻ ደመወዙ 80 በመቶውን፣ የቤት ሠራተኛ ደግሞ ግማሹን በፊሊፒንስ ባንኮች በኩል እንዲልኩ ተገደዱ። ያላከ ፓስፖርቱ አይታደስለትም። የውጭ ዕዳ የተቆለለበት አገዛዝ፣ በሆንግ ኮንግ ማእድ ቤት የምትደክመውን ሴት ደመወዝ ከመድረሱ በፊት በጀት አድርጎ ያዘው ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ድንጋጌ ማን ተጋፈጠው? በአሠሪያቸው ቤት የሚያድሩ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚያርፉ ሴቶች ናቸው። በሆንግ ኮንግ ማእከላዊ ሠፈር እሑድ እሑድ ባንኮችና የንግድ መሥሪያ ቤቶች ሲዘጉ፣ የቤት ሠራተኞቹ በአደባባዩና በሕንጻዎቹ ሥር ካርቶን አንጥፈው ይቀመጣሉ፤ ምግብ ይካፈላሉ፣ ጸጉር ይሠራራሉ፣ ከቤት የመጣ ደብዳቤ ያነባሉ። አላፊ አግዳሚው እንደ ሽርሽር ያየው ይሆናል። የሌላዋን የሥራ ውል አይቶ ከራስ ጋር ማነጻጸር የተቻለው፣ አዲስ መጪዋም ከአሠሪዋ ያልሰማችውን መብቷን የተማረችው ግን እዚያው ካርቶን ላይ ነው። በባዕድ አገር መቋቋም የሚባለውም ከሁሉ በፊት ይህ ነው። እንዲህ የተገናኙት ሴቶች ማኅበሮቻቸውን አስተባብረው ድንጋጌውን ተቃወሙ፤ በ1985 የቅጣት አንቀጾቹ ተሻሩ። በዚያው ዓመትም በሆንግ ኮንግ የተባበሩት ፊሊፒናውያን የተባለውን ኅብረት መሠረቱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን አባባል በእሑድ ዕረፍት ብቻ ተግባር ላይ ማዋል ቀላል ነገር አይደለም።

ከማርኮስ ውድቀት በኋላ ፕሬዚዳንት ኮራዞን አኪኖ በ1988 ስደተኞቹን «አዲሶቹ ጀግኖች» ብለው ሰየሟቸው። ስም ብቻውን ሕይወት አያድንም፤ የቤት ሠራተኛዋ ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን በነፍስ ግድያ ተከሳ በመጋቢት 1995 ሲንጋፖር ውስጥ በስቅላት ተቀጣች። የማኒላ ሕዝብ በቁጣ አደባባይ ወጣ፤ የስደተኛ ሠራተኞች ሕግም በዚያው ዓመት ወጣ።

የሆንግ ኮንግ ሥርዓት በበኩሉ ሠራተኛዋ ሥር እንዳትሰድ ተደርጎ የተቀረጸ ነው። ከ1987 ጀምሮ ውሏ የተቋረጠባት ሠራተኛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለቅቃ መውጣት አለባት። በአሠሪዋ ቤት እንድታድር ትገደዳለች፤ በ2011 ሥራ ላይ የዋለው የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግም አይመለከታትም። አንዲት ሠራተኛ ሰባት ዓመት የኖረ የውጭ ሰው የሚያገኘው የቋሚ ነዋሪነት መብት ለእኔም ይገባል ብላ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ብትከራከር፣ በ2013 ተረታች። ከሀያ ዓመት በላይ በዚያ መኖሯ «መደበኛ ነዋሪ» አላሰኛትም። ጉልበቷ ይፈለጋል፤ ጉርብትናዋ ግን አይፈለግም።

ጉዳዩ የእኛም ነው፤ ልጇን ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ የላከች እናት የማትገኝበት ሠፈር ጥቂት ነውና። በነዚያ አገሮች የቤት ሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ቤቱን ጥላ ከወጣች ሕገ ወጥ ትሆናለች። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2013 ጉዞውን አገደ፤ እገዳው እስኪነሣ ድረስም ብዙዎች በደላላ መንገድ መሄዳቸውን አላቋረጡም። የፊሊፒንስ መንግሥት የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ ቤት ሠራተኞች ያወጣውን 189ኛውን ስምምነት በ2012 ማጽደቁ፣ ከኩዌትም ጋር በ2018 አሠሪ የሠራተኛ ፓስፖርት እንዳይዝ መዋዋሉ የማይናቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ከዚያ በፊት የነበረውን የሠላሳ ዓመት ትግል ረስቶ ውሉን ብቻ መቅዳት አይቻልም።

በጥር 2015 ቤይሩት ውስጥ ፊሊፒናውያንና ኢትዮጵያውያን የሚገኙባቸው የቤት ሠራተኞች ተሰብስበው የሠራተኛ ማኅበር አቋቋሙ። የሊባኖስ የሥራ ሚኒስቴር ሕጋዊ አይደለም ብሎ እውቅና ነፈገው፤ አባላቱ ግን መሰብሰባቸውን ቀጠሉ።