ቢጫ ካርዱ ለማን ነው?

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ መድኃኒት ቤት ስሠራ በየዓመቱ የሚገጥመኝ ነው።

አንድ አባት መጥተው «ልጄ፣ ለዑምራ ከነገ ወዲያ እበራለሁ። መርፌውን ሳልወጋ ቢጫ ካርዱ ላይ ማኅተም የሚመታልኝ ሰው ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ሰላታቸውን የማያጓድሉ፣ ሰው የማይበድሉ ሰው ናቸው። «እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ማጅራት ገትር ይዞኝ አያውቅም፤ የቀረውን ለአላህ እተዋለሁ» ብለው ጨመሩ። ክፋት አልነበረባቸውም። የጎደላቸው አንድ ቃል ማወቅ ብቻ ነበር፤ እርሱም «ተሸካሚ» የሚለው ነው።

ኢፒዲሚዮሎጂ የሚባለው ሙያ በሽታ በሕዝብ መካከል እንዴት እንደሚዛመት ያጠናል። ሐኪም «ይህ ሰው ምን ነካው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ይህ ሙያ ግን «ከማን ወደ ማን፣ መቼና የት ተላለፈ?» ይላል። ተሸካሚ ማለት ተሕዋሲው በአፍንጫውና በጉሮሮው እያለ ራሱ ምንም የማይሰማው ሰው ነው። የማጅራት ገትር ባክቴሪያን ከ100 ሰው እስከ 10 የሚደርሰው ሳይታመም ሊሸከመው ይችላል። ስለዚህ «እኔ ጤነኛ ነኝ» ማለት «ለሌላ ሰው አላስተላልፍም» ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ቃል «የመክረሚያ ጊዜ» ነው፤ ተሕዋሲው ገብቶ የበሽታው ምልክት እስኪታይ ያለው ጊዜ ማለት ነው። ለማጅራት ገትር ከ2 እስከ 10 ቀን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 4 ቀን አካባቢ። ሚና ላይ የተያዘ ሰው አዲስ አበባ ወይም ደሴ ቤቱ ገብቶ፣ ዘመድ «ሐጀን መብሩር» ብሎ ካቀፈው በኋላ ሊታመም ይችላል።

ይህ ግምት አይደለም። በ1987 እ.ኤ.አ. በሐጅ ላይ የኤ ዓይነት ማጅራት ገትር ተነሣ፤ ሁጃጆች ወደየአገራቸው ሲመለሱም አብሮ ተጓዘ። ያው የባክቴሪያ ዝርያ ወደ ሱዳንና ወደ አገራችን ደርሶ፣ በ1988 እና በ1989 ኢትዮጵያ ውስጥ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ታመመ። በ2000 ደግሞ ደብሊው 135 የሚባለው ዓይነት መጣ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሁጃጆች የተከተቡት ኤ እና ሲን ብቻ የሚከላከለውን ስለነበር ለዚህኛው አልጠቀማቸውም። በአውሮፓ ከታመሙት ውስጥ ራሳቸው ሐጅ ያልሄዱ፣ ሐጅ ከሄደ ሰው ጋር የሚኖሩ ቤተሰቦች ነበሩበት። ሳዑዲ ዐረቢያ አራቱን ዓይነት (ኤ፣ ሲ፣ ዋይ፣ ደብሊው) የሚከላከለውን ክትባት ግዴታ ያደረገችው ከዚህ በኋላ ነው።

«ልጄ በዘመቻው ተከትቧል» የሚሉም አሉ። ከ2013 ጀምሮ በአገራችን በዘመቻ የተሰጠው የኤን ዓይነት ብቻ ይከላከላል። ትልቅ ጥቅም አስገኝቷል፤ የመንገደኛውን ክትባት ግን አይተካም።

«ወረርሽኝ» የሚለውንም ቃል እናባክነዋለን፤ ሦስት ሰው ካሳለ ወረርሽኝ ገባ እንላለን። ቃሉ መለኪያ አለው፦ በዚያ ቦታና ወቅት ከሚጠበቀው በላይ ሰው ሲታመም ነው። ለማጅራት ገትር በእኛ ቀጠና ከ100 ሺህ ሰው በአንድ ሳምንት 10 ሰው ከታመመ ወረርሽኝ ይባላል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሕክምና እያገኙም ቢሆን ከታመሙት ከ10 አንዱ ይሞታል፤ ከተረፉትም መስማት የሚሳነው አለ።

ተወኩልን በተመለከተ የዑመር ኢብኑል ኸጣብን (ረ.ዐ) እና የዓምዋስን ወረርሽኝ ታሪክ ሁላችሁም ከኹጥባ ታውቁታላችሁ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የሐዲሡ ሁለተኛው ክፍል ነው፤ ወረርሽኝ ካለበት አገር እንዳንወጣ መከልከላችን። ጤነኛ የሚመስለው ሰው ለምን ይከለከላል? ስለ ተሸካሚና ስለ መክረሚያ ጊዜ ስማር መልሱ የገባኝ መሰለኝ።

ጥፋቱን በእኒያ አባት ብቻ አላሳብብም። ገንዘቡን ከወራት በፊት ተቀብሎ ስለ ክትባቱ በመጨረሻው ሳምንት የሚናገር የጉዞ ወኪል አለ። ክትባቱ ከመድረስ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ እንዲሰጥ የተደነገገው ሰውነት መከላከያውን እስኪሠራ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው። የመስጂድ ኮሚቴዎች ይህን ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢጽፉት ብዙ ሰው ከሐሰት ማኅተም ይድናል። ሐሰተኛ ማኅተም ይዞ ወደ አላህ ቤት መሄድስ እንዴት ይታሰባል?

እኒያን አባት «ቤት ውስጥ ስንት ሕፃን አለ?» አልኳቸው። «አራት የልጅ ልጆች» ብለው ዝም አሉ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ወኪሉ ጋ ደወሉና ጉዞውን በሁለት ሳምንት አስተላለፉት፤ በማግስቱም ተከተቡ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት 10 ቀናት እናንተ ወይም የቤታችሁ ሰው ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር ከታየበት ቤት ያለ አንቲባዮቲክ አትሞክሩ። ያንኑ ሰዓት ጤና ተቋም ሂዱና ከመካ መመለሳችሁን ለሐኪሙ ንገሩት።