ቤቱ ይሸጣል፤ መሬቱስ?

ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ልደታ ሲወረድ፣ በፍርድ ቤቱ አካባቢ ኮምፒውተርና ማተሚያ ይዘው የሚሠሩ ራፖር ጸሐፊዎች አሉ። ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ ይጽፋሉ፤ ውልም ይጽፋሉ። ከሚጽፏቸው ውሎች አንዱ ዓይነት ለዚህ ገጽ አንባቢ ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ተወልዶ ባደገበት ወረዳ የሚገኝ የገጠር ቤት ሲገዛ ወይም የወላጆቹን ሲሸጥ የሚያስጽፈው ውል ነው።

በእንዲህ ዓይነት ውል ላይ የሚዘረዘረው ንብረት አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ቆርቆሮው የተቀየረ፣ ግድግዳው እንደገና የተመረገ ወይም በብሎኬት የታደሰ ዋና ቤት፣ ከጎኑ ያለች ጎጆ፣ ማድቤት፣ በረት፣ ጎተራ፣ የውኃ ጉድጓድ፣ በአጥሩ ዙሪያ የተተከለ ባሕር ዛፍ፣ ጓሮው ከነጌሾው ይዘረዘራል። ከዚያ መጨረሻ ላይ አንዲት ሐረግ ትጨመራለች፤ «ከነእርሻ መሬቱ» የምትል። ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በሕግ ሊሸጥ የሚችል ነው። የመጨረሻዋ ሐረግ የምትጠቅሰው ግን አይሸጥም። የዋጋው ትልቁ ክፍል የሚከፈለው ደግሞ በአብዛኛው ለዚያችው ለመጨረሻዋ ሐረግ ነው።

መሠረቱ የታወቀ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገው፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይያዝ ወሰነ፤ መሸጥና መለወጥንም ከለከለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ወረድ ብሎ ያለው ንዑስ አንቀጽ 7 ግን ለዚህ ጉዳይ ከዚያ ያላነሰ ክብደት አለው። ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሠራው ቤትና ላደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት አለው፤ መሸጥ፣ መለወጥና ማውረስ ይችላል፤ የመጠቀም መብቱ ሲቋረጥም ንብረቱን የማንሳት ወይም ካሳ የመጠየቅ መብት ይኖረዋል ይላል።

ሁለቱን ንዑስ አንቀጾች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። ቤት ከመሬት ተነቅሎ አይሄድም፤ ታዲያ ቤቱን የገዛ ሰው የት ቆሞ ይኖርበታል? በከተማ መልሱ ቀላል ነው። ቤት ሲሸጥ በሥሩ ያለው ቦታ የመጠቀም መብት አብሮ ይሻገራል፤ ስም ይዛወራል፤ ካርታ ይቀየራል። በገጠር ግን የመሬት ይዞታ የተሰጠው በግብርና ለሚተዳደር ሰው ነው። ልደታ ተቀምጦ በደመወዝ ወይም በንግድ የሚኖር ሰው ቤቱን በመግዛቱ ብቻ የእርሻው ባለይዞታ አይሆንም። የገጠር ቤት ግብይት ችግር በሙሉ የሚፈልቀው ከዚህ ክፍተት ነው። ሕጉ ቤቱን ለመሸጥ ፈቅዷል፤ ቤቱ የቆመበት ግቢ እንዴት እንደሚሻገር ግን ገዥውም ሻጩም፣ አንዳንዴ ውሉን የሚመለከተው የወረዳ ባለሙያም፣ እኩል አይረዱትም።

በሌሎች አገሮች እንዲህ ያለው የእርሻ ቤት ከነጎጆው፣ ከነበረቱና ከነመሬቱ በአንድ ማስታወቂያ ለገበያ ይወጣል፤ በአንድ ሰነድም ይተላለፋል። ቢሆንም መሬት በሚሸጥባቸው አገሮችም የእርሻ መሬት እንደ ማንኛውም ዕቃ የማይታይበት ቦታ አለ። ጎረቤታችን ኬንያ በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የእርሻ መሬት ሽያጭ የአካባቢውን የመሬት ቁጥጥር ቦርድ ፈቃድ ካላገኘ ዋጋ የለውም።

ወደ እኛው እንመለስ። ሽያጩ ስለተከለከለ አልቆመም፤ ስሙን ቀየረ። ከስሞቹ በጣም የተለመደው ስጦታ ነው። በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ስጦታ የተፈቀደው በዋናነት ይዞታው ከቤተሰብ እንዳይወጣ ታስቦ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 456 የቤተሰብ አባልን ሲተረጉም ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖርና መተዳደሪያውን የሚጋራ ብሎ ነው። ከአዲስ አበባ በዓመት አንድ ጊዜ ለጥምቀት የሚመጣ ሰው በዚህ ትርጉም ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ለማስረዳት ብዙ ምስክር ያስፈልጋል፤ ምስክሩም ይገኛል። ሁለተኛው ስም ብድር ነው። አርሶ አደሩ ገንዘብ እንደተበደረ ይጻፋል፤ አበዳሪው መሬቱን በወለድ አገድ ይይዛል፤ ብድሩ እንዳይመለስ ሁለቱም ያውቃሉ። ሦስተኛው ለረጅም ዓመታት አስቀድሞ የተከፈለ ኪራይ ነው። አራተኛው ውክልና ነው፤ ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ለገዥው የማይሻር በሚመስል ሰነድ ሁሉንም እንዲያደርግለት ይወክለዋል።

አምስተኛው ደግሞ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሆነው የቤት ሽያጭ ነው። እውነተኛ ቤት ሲሆን ሕጋዊ ነው። ነገር ግን በከተማ ዳር ባሉ ቀበሌዎች ቤቱ ለመሬቱ መሸፈኛ ሲሆን ይታያል። ባዶ ማሳ ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጭራሮ ቤት ይቆምና ውሉ «የቤት ሽያጭ» ተብሎ ይጻፋል። የቤቱን ግምትና የተከፈለውን ገንዘብ ያነጻጸረ ማንም ሰው ምን እንደተሸጠ ወዲያው ያውቃል። ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ማን ይጎዳል የሚለው ላይ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ግምት አለ። ገዥው ብልጥ፣ ሻጩ የዋህ ተደርጎ ይታያል። እንደ እኔ ግምት ሁለቱም ተጎጂ ናቸው፤ የሚጎዱበት ጊዜ ነው የሚለያየው። አርሶ አደሩ የሚጎዳው ገንዘቡ ሲያልቅ ነው። አንድ ጥማድ ማሳ ያለው ሰው ማሳውን «ሸጦ» የተቀበለው ገንዘብ በሠርግ፣ በሕክምና፣ ልጅ ወደ ውጭ በመላክ ይወጣል። በሚቀጥለው ክረምት የሚያርሰው አይኖረውም። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ግን አሁንም በእሱና በባለቤቱ ስም ነው፤ በክልላችን ደብተሩ የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ አንድ ላይ የያዘ መሆኑ ይታወቃል። ብዙ ክርክር የሚነሳውም ከዚህ ነው። ሚስት ሳትፈርም ባል ብቻውን የፈረመው ውል ገና ከጅምሩ ስንጥቅ አለው።

ገዥው የሚጎዳው ደግሞ ቤቱን ካደሰ በኋላ ነው። ከከተማ የመጣ ገዥ ገንዘቡን አፍስሶ ጣሪያ ይቀይራል፣ ወለል ሊሾ ያደርጋል፣ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ አጥር ያጥራል። ቦታው ባማረ ቁጥር የሻጩ ልጆች ዓይን ይከፈታል። አካባቢው ወደ ከተማ ክልል ሊገባ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ደግሞ ነገሩ ይከርራል፤ ምክንያቱም መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ የሚከፈለው ካሳ ቀላል አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ከዚያ ወዲህ ማሻሻያ ቢደረግበትም፣ ምትክ መሬት ሳያገኝ በቋሚነት ለሚነሳ አርሶ አደር ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ የሆነውን ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ የልማት ተነሺ ካሳ አስቀምጦ ነበር። ለቤቱና ለተክሉ የሚገመተው ካሳ ከዚህ የተለየ ነው። ታዲያ የቤቱ ካሳ ለገዥው፣ የእርሻው ካሳ ለሻጩ ይሁን ወይስ ሁሉም ለአንዱ? በውሉ ላይ «ከነእርሻ መሬቱ» ተብሎ በአንድ ድምር የተጻፈ ዋጋ ይህን ጥያቄ አይመልስም።

ቤትንና መሬትን ለያይቶ መሸጥ አይቻልም የሚል ካለ አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ፋግታ ለኮማ ወረዳ ሄዶ ይመልከት። የአካባቢው አርሶ አደር ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዝርያ በማሳው ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራል፤ ዛፉ አራትና አምስት ዓመት ሲሞላው ለከሰል ይሸጠዋል። ገዥው የሚገዛው የቆመውን ዛፍ ነው። ቆርጦ፣ አክስሎ፣ ጭኖ ይሄዳል፤ መሬቱ ባለቤቱ ዘንድ ይቀራል። በዚህ ግብይት ማንም ሰው ዛፉን ገዝቶ ማሳው የእኔ ነው አይልም። ልዩነቱ ግልጽ የሆነው ዛፍ ተቆርጦ ስለሚሄድ ብቻ ሳይሆን፣ ሻጭና ገዥ የሚደራደሩት ስለ ዛፉ ብዛትና ውፍረት ስለሆነ ነው። በቤት ግብይት ላይ የጎደለው ይኸው ነው። የቤቱ ቆርቆሮ ስንት እንደሆነ፣ እንጨቱ ምን እንደሆነ፣ ጎተራውና በረቱ ስንት እንደሚያወጡ የሚቆጥር የለም፤ የሚቆጠረው ከመንገዱ ያለው ርቀት ነው።

የገንዘብ ችግር ያለበት አርሶ አደር ሌላ መንገድ የለውም ማለትም ትክክል አይደለም። የእኩልና የሲሶ እርሻው የቆየ ነው። ኪራይ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ለአርሶ አደርም ለባለሀብትም ማከራየት ይቻላል፤ ቁም ነገሩ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መመዝገቡ ነው። ክልሉ በ2009 ዓ.ም. ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 252 እና አዋጅ ቁጥር 456ን የተካው የ2016 ዓ.ም. የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1324 አርሶ አደሩ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ በር ከፍተዋል። በዚህ ጊዜ የሚያዘው መሬቱ ሳይሆን ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብት ነው። ዘመኑ ሲያልቅ ይመለሳል። ከወለድ አገድ ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ ወለድ አገዱ መጨረሻ የለውም።

የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ፣ ከዚያም የወረዳው ባለሙያ እንዲህ ያለ ውል ሲቀርብለት ሊያደርገው የሚችለው ነገር ቀላል ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ አይደረግም። «ዋጋው ስንት ነው፤ ከዚህ ውስጥ የቤቱ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሻጭና ገዥ መልስ ካጡ ውሉ ምን እንደሆነ ታውቋል። መልስ ካላቸው ደግሞ ቤቱ፣ ጎጆው፣ በረቱ፣ ጎተራው፣ ጉድጓዱና ዛፉ በየስማቸው ከነግምታቸው ተጽፈው፣ እርሻው ከሽያጩ ውጪ መሆኑ በግልጽ ተቀምጦ፣ ባልና ሚስት አብረው ይፈርሙ። ከመሬቱ ላይ ገዥው የሚጠቀም ከሆነ የኪራይ ውል ለብቻው ይዘጋጅ። ሥራ ይጨምራል፤ በተለይ አንድ ባለሙያ ብዙ ቀበሌ በሚሸፍንበት ወረዳ። ነገር ግን በዚህ ጊዜ የሚወጣው ግማሽ ቀን፣ በኋላ በሁለት ቤተሰብ መካከል ከሚነሳው ጠብና ከዓመታት ክርክር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ክርክሩ ሲነሳ የት እንደሚሄድም ማወቅ ያስፈልጋል። ውሉ ልደታ ስለተጻፈ ክሱ ልደታ የሚታይ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 25 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ክስ ንብረቱ ባለበት ቦታ ባለው ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ስለዚህ መዝገቡ የሚከፈተው ቤቱ ባለበት ወረዳ ነው፤ አዲስ አበባ የሚኖረው ገዥ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ አውቶቡስ ይሳፈራል። እዚያ ሲደርስ ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ የሚያየው ውሉ ሕገ ወጥ ነገርን የተመለከተ መሆን አለመሆኑን ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1716 ሕገ ወጥ ግዴታ ያለበትን ውል ዋጋ አይሰጠውም። ውሉ ፈራሽ ከተባለ አንቀጽ 1815 ተዋዋዮቹ ከውሉ በፊት ወደነበሩበት እንዲመለሱ ያደርጋል። ገዥው ገንዘቡን ይቀበላል፤ ከዓመታት በፊት የከፈለውን ያንኑ ቁጥር። ሻጩ መሬቱን ይቀበላል፤ ገንዘቡን ከየትም አምጥቶ።

የታደሰው ቤት ጉዳይ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ገዥው ለጣሪያው፣ ለወለሉና ለጉድጓዱ ያወጣውን ይጠይቃል፤ ሻጩ ደግሞ «እኔ አድስልኝ አላልኩህም» ይላል። ፍርድ ቤቱ ባለሙያ ልኮ ያስገምታል፤ ማስረጃ አምጣ ይላል። በዚያን ጊዜ የሚፈለገው የቆርቆሮው፣ የሲሚንቶውና የሚስማሩ ደረሰኝ ነው፤ የአናጢውና የግንበኛው ምስክርነት ነው። ደረሰኙን ያስቀመጠ ገዥ ከተገኘ ዕድለኛ ነው።